ለአካታችነት ኮሚቴ ተመረጣችሁ? መጀመሪያ ሜትር ግዙ

ስልክ ይደወላል። ደዋዩ «የከተማው የፍትሐዊነትና አካታችነት አማካሪ ኮሚቴ አባል እንድትሆኑ ታጭታችኋል» ይላል። ደስ ብሏችሁ ለእናታችሁ ትነግራላችሁ። «ደሞዝ አለው?» ትላለች። የለውም። «መኪናስ?» እሱም የለም። «ታዲያ ምን አለው?» ትላለች። እውነቷን ነው። ያለው ወንበር፣ የታሸገ ውሃና በየስብሰባው መጨረሻ የሚነሱት ፎቶ ነው።

እኔ እዚህ ሀዋሳ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በፎቶ ጨረስነው። በሁለተኛው ነቃ ብለን ጥቂት ነገር አስቀየርን። ጥቂት ነው፣ ግን ሄዳችሁ በእጃችሁ የምትነኩት ነው። አዲስ ለተመረጣችሁ፣ ወይም በቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ራሳችሁ ለመጀመር ለምታስቡ፣ በስህተት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ሥልጣን የላችሁም፣ ይህን ቶሎ ተቀበሉ

አማካሪ ማለት አማካሪ ነው። አታዙም፣ አትቀጡም፣ አንድ ብር አትመድቡም። ታያላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። በቃ።

ውጭ አገርም ያው ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ዲትሮይት ላይ በተነሳ የዘር ግጭት 34 ሰው ሞተ። የቺካጎ ከንቲባ እሳቱ ወደ ከተማው እንዳይዛመት በዚያው ዓመት የዘር ግንኙነት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ያ ኮሚቴ ስሙ ተቀይሮ ዛሬም የከተማዋ የሰብዓዊ ግንኙነት ኮሚሽን ሆኖ አለ። አሁን ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ፈቃደኛ ነዋሪዎች የሚቀመጡበት፣ ለከንቲባና ለምክር ቤት ሐሳብ የሚያቀርብ፣ ውሳኔው ግን በሌላ ሰው እጅ የሆነ ኮሚሽን አላቸው። ሲያትል ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጀመረችው ነገር ደግሞ ደስ ይለኛል። መሥሪያ ቤቶቿ አንድ ፕሮጀክት ከመወሰናቸው በፊት «ማን ይጠቀማል፣ ሸክሙ ማን ላይ ይወድቃል» የሚለውን እንዲመልሱ ትጠይቃለች። ይህችን ጥያቄ ተዋሷት። ሌላው የእነሱ ታሪክ ነው፣ የእኛ ቁስል ሌላ ነው።

ሥልጣን የለንም ብላችሁ ግን አትተኙ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለዚህ ማንም ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም። ይህንን በሆዳችሁ ያዙት፣ በየስብሰባው አትደስኩሩት።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ብቻ አስጨርሱ፣ ቢጋር፤ የኮሚቴው ሥራና ወሰን የሚጻፍበት ወረቀት ማለት ነው። ኮሚቴው ለማን ነው የሚጽፈው? በስንት ቀን መልስ ያገኛል? ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው? ደብዳቤ በማን ማኅተም ይወጣል? እኛ ይህን ሳንጠይቅ ስድስት ወር ተሰበሰብን፤ በስድስተኛው ወር ሐሳባችንን ይዘን ስንሄድ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ተባልን። የተመረጥንበት ደብዳቤ ግልባጭ እንኳ መዝገብ ቤት አልነበረም።

እኩል መሆንና ፍትሐዊ መሆን

ስለ ፍትሐዊነት ሥልጠና ወስጃለሁ። ፕሮጀክተር፣ ስላይድ፣ የሻይ ዕረፍት። የገባኝ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ ስጠብቅ ነው። ስም እየተጠራ ነው የሚገባው። አንድ ወጣት ቀድሞኝ መጥቶ ከጎኔ ተቀምጧል። ስሙ ሁለቴ ተጠራ፣ ዝም። ፋይሉ ከታች ገባ። እኔ ጨርሼ ስወጣ ልጁ አሁንም እዚያው ነው። ስድስት ሰዓት ሆኖ ጸሐፊዋ በሩን ለምሳ ስትቆልፍ በእጁ እያመለከተ ሊያናግራት ሞከረ፤ መስማት የተሳነው መሆኑ ያኔ ነው የገባን።

ማንም አልበደለውም። ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የተጠራው። ልጁን ያስቀረው ያ እኩልነት ነው።

በኋላ ኮሚቴያችን ያቀረበው ሐሳብ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ነበር። ስትገቡ ካርድ ትወስዳላችሁ፣ ጸሐፊዋ የደረሰውን ቁጥር ከፍ አድርጋ ታሳያለች። ወጪው አንድ ካርቶንና አንድ ማርከር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሁለቱ ሳምንት ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ ነው።

ከዚህ ጀምሩ። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ማንንም የማያስፈራ፣ በአንድ ወር የሚታይ ነገር ፈልጉ። ኃላፊው አንዴ «እሺ» ብሎ ምንም ካልደረሰበት ለሁለተኛው ጥያቄ ፊቱን አያጠቁርም።

ማን ይቀመጥ፣ መቼስ ይሰብሰብ

የእኛ ኮሚቴ ዝርዝር ሲወጣ ሁሉም «ተወካይ» ነበር። የሃይማኖት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የማኅበር ሰብሳቢዎች። የወጣቶች ተወካያችን ሁለት ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። ጥሩ ሰው ነው፣ አልዋሽም፣ ግን ወጣት አይደለም።

ያልነበሩትን ቁጠሩ። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ጀምሮ ስንት ሺህ ሴት ልጆች ከገጠር መጥተው፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ በፈረቃ እየሠሩ እዚሁ ይኖራሉ። አንዷም ኮሚቴው ውስጥ አልነበረችም። ጉልት የምትቸረችር እናት አልነበረችም። የቤት ሠራተኛም እንዲሁ። ለምን? ስብሰባው ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነዋ! በዚያ ሰዓት ሥራ ጥሎ መምጣት የሚችለው ደሞዙ የማይቆረጥበት ሰው ብቻ ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው እንላለን፣ ሰዓቱ ግን ቆልፎታል።

እሁድ ከሰዓት፣ 9 ሰዓት ላይ አድርጉት። ቦታውንም ቀይሩ። የመሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ጥበቃው ቦርሳ ሲፈትሽ የዚያች ጉልት ቸርቻሪ እናት ግማሽ ድፍረት እዚያው በር ላይ ይቀራል። የዕድር ድንኳን ሥር፣ ትምህርት ቤት ክፍል፣ የቀበሌ ግቢ ዛፍ ጥላ ይሻላል። የባጃጅ ሂሳብ በእጅ ስጡ፣ በኋላ በፔሮል አትበሉ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሳምንት በፊት ያዙ፤ ክፍያው በዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይግባ፣ ምክንያቱም የመጨረሻ መስመር ላይ ያለ ነገር ሁሌም «በጀት ሲፈቀድ» ተብሎ ይቀራል። ከሻይና ዳቦው ቀንሱ ካስፈለገ።

ደግሞ ከአንድ ዓይነት ሰው አንድ ብቻ አታስቀምጡ። የ20 ዓመት ልጅ በ12 ሽማግሌ መሃል ብቻዋን ስትሆን «ሁሉም ተብሏል» ብላ ትቀመጣለች። ጓደኛዋ ስትኖር ትስቃለች፣ ስትስቅ ትናገራለች።

የስብሰባ አመራር ከውጭ መቅዳት አያስፈልግም። ሲዳማ አፊኒ የሚባል ባህል አለው። ጉዳይ ያለው ሰው «አፊኒ?» ብሎ ይጀምራል፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው፤ ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይገባ ወደ ፍርድ አይኬድም። እኛ ይህን ይዘን አንድ ደንብ አወጣን። ውሳኔ ከመጻፉ በፊት ሰብሳቢው እየዞረ እያንዳንዱን በስሙ ይጠይቃል፣ በዕድሜ ከትንሹ ጀምሮ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው። በኋላ እነሱው አስከባሪ ሆኑ።

አሁን ውጡ፣ በእግራችሁ

ይህ ዋናው ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

አምስት ሜትር የሚዘረጋ ሜትር ግዙ፣ ግንበኞች የሚይዙትን። ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ለፎቶ፣ ግን ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃውን አናግሩ፣ የተመረጣችሁበትን ደብዳቤ ኮፒ አሳዩ፣ አለበለዚያ ቀኑ በክርክር ያልቃል። ዊልቸር የሚጠቀም፣ ነጭ በትር የሚይዝ፣ ልጅ ያዘለች፣ በዕድሜ የገፋ ሰው አብሯችሁ ይሂድ። እነሱ ይምሩ፣ እናንተ ጻፉ። «ቆይ እኔ ልግፋህ» አትበሉ፣ ራሱ ሊያደርገው ካልቻለ ያ ነው የምትጽፉት።

ከሰፈር ጀምሩ እንጂ ከሕንፃው በር አትጀምሩ። አንዱ አባላችን ዊልቸር ይጠቀማል። ከቤቱ እስከ ክፍለ ከተማው ለመድረስ መጀመሪያ ያልተከደነ ቱቦ፣ ከዚያ አሸዋና ብሎኬት የተከመረበት እግረኛ መንገድ፣ ከዚያ ባጃጅ። ባጃጁ ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ ሲጭን የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀው። እኛ ስለ ሕንፃ ደረጃ ልንከራከር ነው የወጣነው፤ እሱ ግን ደረጃው ጋ ሳይደርስ ገንዘቡም ጉልበቱም ግማሽ ሆኗል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ማስታወሻችን ላይ አራት መስመር የያዘው ቱቦው ነው። (ባጃጅ ነጂዎችን እንደ ጠላት አትዩ። ከተማዋን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የትኛው መንገድ በክረምት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ በር ላይ ሰው ተሸክመው እንደሚያስገቡ ይነግሯችኋል።)

ራምፕ (በደረጃ ፈንታ ዊልቸር የሚወጣበት ዘቅዛቃ መንገድ) ስታገኙ ደስ አይበላችሁ፣ ለኩት። ሒሳቡ ቀላል ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ሦስት ደረጃ ካለ፣ አንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። 45 በ12 ሲባዛ 540 ይመጣል። አምስት ሜትር ከአርባ ማለት ነው። እኛ የለካነው አንዱ ራምፕ ለዚያው ለ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር ብቻ ነበር የሚረዝመው። ሴራሚክ ለብሷል፣ ያብረቀርቃል፣ ለሪፖርት ፎቶ ይመቻል። አባላችን አየውና «ይሄ ሸርተቴ ነው» አለ። ሲወርድ ሁለት ሰው ከፊት ለፊቱ ቆሞ መያዝ ነበረበት።

በሩንም ለኩ። ክፍት ሆኖ የሚያሳልፈው ስፋት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ብዙ ዊልቸር አይገባም። ከ80 የበለጠ ሆኖ አንዱ ተካፋች ሁሌ በብረት የተቀረቀረ ከሆነም ያው ነው። መስኮቱ ከመሬት ስንት ነው? ብዙ የአገልግሎት መስኮት ቆሞ ለሚናገር ሰው አገጭ ነው የተሠራው። ማስታወቂያውስ በምን ቋንቋ ነው? ሀዋሳ ላይ ሲዳምኛም አማርኛም መኖሩ ግድ ነው፣ ግን ማንበብ ለማይችል ሰው ሁለቱም አንድ ነው። ጥሩምባ ነፊው የዕድር መልእክት የሚያደርሰው ለምን እንደሆነ አስቡ፤ አስቸኳይ የሆነ የመታወቂያ ወይም የክትባት ጉዳይ በዚያ መንገድ ቢሄድ ምን ይጎዳል?

መጸዳጃ ቤት ሳታዩ አትመለሱ። በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ገጽ

ከዚህ ሁሉ በኋላ 30 ገጽ ሪፖርት ለመጻፍ እጃችሁ ይበላችኋል። ተዉ። የመጀመሪያ ዓመታችን ሪፖርት 34 ገጽ ነበር፣ መግቢያው ብቻ ስድስት። ከሽፋኑ ያለፈ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ገጽ በቂ ነው። የት ሄድን፣ መቼ፣ ከማን ጋር። ምን ለካን። ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ በግምት ስንት ብር፣ እስከ መቼ። «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት፣ ግንዛቤ በካሬ ሜትር አይለካም። «ራምፑ ፈርሶ 540 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ሴራሚኩ በሻካራ ሲሚንቶ ይተካ፣ መደገፊያ ብረት ይኑረው» ብላችሁ ጻፉ። ዋጋውን ሰፈራችሁ ያለ ግንበኛ ይገምትላችኋል፣ ሻይ ግዙለት።

ሕጉን በአንድ መስመር ጨምሩ፣ አታብዙ። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሥራ ቅጥርን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። ሕግ ስለሚሻሻል ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ ይየው፤ ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፣ ብትጠይቁ ፈቃደኛ መምህር ታገኛላችሁ።

ቀኑን አትርሱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። እኛ መጀመሪያ ያቀረብነው ነሐሴ ላይ ነበር። ኃላፊው በትሕትና አዳመጠንና «ለሚቀጥለው ዓመት ያዙት» አለን። ዓመት! ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ ወረቀታችሁ የዕቅድ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። ኃላፊው ጋ ብቻ አይደለም፣ ባለሙያው ጋ። ኃላፊ ይቀየራል፣ ኤክሴሉን የሚሞላው ባለሙያው ነው።

ዝም ሲሏችሁ

ይሏችኋል። ደብዳቤ ስታስገቡ ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ያለዚያ ደብዳቤ አላስገባችሁም፣ ወረቀት ጥላችሁ ነው የመጣችሁት። በሁለት ሳምንት በአካል ሂዱ። በወሩ ደግማችሁ ጻፉ፣ የፊተኛውን ቁጥር ጠቅሳችሁ። መረጃ ከከለከሏችሁ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለጥያቄ ምላሽ 30 ቀን ገደብ እንዳስቀመጠ በጨዋ ቋንቋ አስታውሱ። ከዚያም ካለፈ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሀዋሳ ላይ ቢሮ አለው። ግን ቶሎ ወደዚያ አትሩጡ። አንዴ ከከሰሳችሁ በኋላ አብሮ ሻይ መጠጣት ይከብዳል፣ ደግሞ ግማሹ ሥራ የሚያልቀው ሻይ ላይ ነው። እኔ ይሄ ነገር አይመቸኝም፣ ግን እንደዚያ ነው።

የብሔር ጉዳይ ይነሳል

አይነሳም ብላችሁ አትታለሉ። ሀዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ከምባታው፣ ሀዲያው ሁሉ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ «የእከሌ ሰዎች ብቻ ናቸው አገልግሎት የሚያገኙት» የሚል ሰው ስብሰባ ላይ ይነሳል፣ አዳራሹ ይሞቃል። እኛ አንዴ እንዲህ ሲሆን ሰብሳቢው «አጀንዳው ይህ አይደለም» ብሎ ዘጋው። ስህተት ነበር። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም፣ ንግግሩ ግን ውጭ ቀጠለ።

የሚሻለው ወደ መሬት ማውረድ ነው። የትኛው መስኮት? የትኛው ቀን? ምን ተጠየቁ፣ ምን ተባሉ? ሌላስ እዚያ መስኮት ላይ ያጋጠመው አለ? ይህ ሲጠየቅ አንዳንዱ ቅሬታ ወደ ተራ ጉቦ ይለወጣል፣ አንዳንዱ ወደ ቋንቋ ችግር፣ አንዳንዱ ደግሞ በእርግጥም አድልዎ ሆኖ ይገኛል። አድልዎ ሲሆን ቀኑንና መስኮቱን ይዛችሁ ጻፉት፣ አትሸፋፍኑ። የተናጋሪውን ስም ግን ቃለ ጉባኤ ላይ አታስፍሩ፤ ቃለ ጉባኤ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

አበል ካለ ለሁሉም አንድ ይሁን። ስለ አበል ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ጓደኞቼን ማጣት አልፈልግም።

ያ መጸዳጃ ቤት

እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት በሩ ላይ የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት ጥሩ መጸዳጃ ቤት አገኘን። በሩ ሰፊ ነው፣ ሥዕሉ አዲስ ነው። ተቆልፏል። ጥበቃውን ጠየቅን፣ ጽዳቷ ጋ ነው አለን። ጽዳቷ ንብረት ክፍል ጋ ነው አለች። ንብረት ክፍሉ ኃላፊ ለስብሰባ ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ውስጡ አሮጌ ወንበር፣ የተበላሸ ፕሪንተርና የባለፈው ዓመት በዓል ባነር ተከምሮበት ነበር።

በሪፖርት ላይ ይህ መጸዳጃ ቤት «አለ» ተብሎ ነው የሚቆጠረው። እኛ የጻፍነው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር፤ ዕቃው ይውጣ፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ምስማር ላይ ይንጠልጠል። ምስማሩን ራሳችን ገዛን። አሁንም በወር አንዴ በዚያ ሳልፍ ጎራ እላለሁ። ባለፈው ወር ቁልፉ ተንጠልጥሏል። የዛሬ ሁለት ወር አልነበረም፣ ጥበቃው ተቀይሮ ነበርና አዲሱ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነው የሚውለው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ በአቅራቢያችሁ ወዳለው መሥሪያ ቤት ሂዱና ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ጠይቁ።